የኪሳራ ጥበቃና የሥራ ተቋራጮች ፈቃድ፦ በዕዳና በጥፋት መካከል ያለው ድንበር

በሕግ ፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ



የዛሬው ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ ጠባብ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ሕጎች፣ ሁለቱም በየራሳቸው መልካም ዓላማ ያላቸው፣ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የትኛው ለየትኛው እንደሚሸነፍ የሚጠይቅ በመሆኑ ከተቋራጮች ጉዳይ አልፎ የሚሄድ ነው።

የመጀመሪያው የኪሳራ ሕግ ነው። ዓላማው ዕዳ ያጎበጠውን ሰው ከሸክሙ አላቅቆ እንደገና ሠርቶ እንዲያድር ማድረግ ነው። ሁለተኛው የሙያ ፈቃድ ሕግ ነው። ዓላማው ሕዝቡን ሙያ ከሌለው ወይም ታማኝነት ከጎደለው ሠራተኛ መጠበቅ ነው። አንድ የሥራ ተቋራጭ ሥራ ጀምሮ ሳይጨርስ ሄደ፤ ዕዳ ተከማቸበት፤ ኪሳራ አወጀ እንበል። ፈቃድ ሰጪው አካል ፈቃዱን ሊያግድ ይችላልን? ወይስ የኪሳራው ጥበቃ ፈቃዱንም ይሸፍናል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የምፈልገው በአሜሪካ ሕግ ውስጥ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ ግዛት አሠራር ነው። በዚያ አገር ኪሳራ የፌዴራል ጉዳይ፣ የተቋራጮች ፈቃድ ደግሞ የግዛቶች ጉዳይ ስለሆነ ግጭቱ ተደጋግሞ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከአሜሪካ ጋር በተያያዘ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የማቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት ፈቃድን ስለ ጥፋት ሊነጥቅ ይችላል፤ ስለ ዕዳ ግን ሊነጥቅ አይገባም። አስቸጋሪው ነገር ጥፋትና ዕዳ ብዙ ጊዜ በአንድ መዝገብ ውስጥ ተጣምረው መምጣታቸው ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይጠቅመናል፦ ሰውየው ገንዘቡን ዛሬ ቢከፍል ኖሮ ጉዳዩ ይዘጋ ነበርን?

ምሳሌያችን

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ የታሰበ ጉዳይ እንያዝ። በካሊፎርኒያ የምትኖር አንዲት የቤት ባለቤት የጣሪያና የወጥ ቤት እድሳት ለማሠራት ከአንድ ተቋራጭ ጋር በ80,000 ዶላር ተዋዋለች። የግዛቱ ሕግ በቤት እድሳት ውል ተቋራጩ የሚቀበለው ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ተቋራጭ ግን 30,000 ዶላር ተቀበለ። ጣሪያውን ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው አልተመለሰም። ባለቤቲቱ ሌላ ሠራተኛ ቀጥራ ቤቷን ካስጠገነች በኋላ ተቋራጩን ከሰሰች፤ የ45,000 ዶላር ፍርድም አገኘች። ተቋራጩ በፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 7 መሠረት አቤቱታ አቀረበ። በዚህ ምዕራፍ የባለዕዳው ንብረት፣ ሕግ ከሚተውለት በቀር፣ ተሰብስቦ ለባለገንዘቦች ይከፋፈላል፤ ግለሰቡ ባለዕዳ ግን ከቀሪው ዕዳ አብዛኛው ይሰረዝለታል።

በዚህ ሰው ላይ የግዛቱ የሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ በርካታ እርምጃዎች ሊወስድ ይችላል። ፍርዱን ባለመክፈሉ ፈቃዱን ማገድ፣ ሥራ ጥሎ በመሄዱና ከተፈቀደው በላይ ቅድሚያ በመቀበሉ የዲሲፕሊን ክስ መመሥረት፣ የአስተዳደር መቀጮ መጣል፣ ለባለቤቲቱ ካሳ እንዲከፍል ማዘዝ፣ ፈቃዱ ከተሰረዘም በኋላ ለመመለስ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። እነዚህ እርምጃዎች ሲታዩ ተመሳሳይ ቢመስሉም በኪሳራ ሕግ ፊት ዕጣቸው የተለያየ ነው።

እግዱና ወሰኑ

የኪሳራ አቤቱታ በቀረበባት ቅጽበት፣ የዳኛ ትእዛዝ ሳያስፈልግ፣ በሕጉ አንቀጽ 362 መሠረት እግድ ይጸናል። ባለገንዘቦች መክሰስ፣ ንብረት መያዝ፣ ዕዳ መጠየቅ ያቆማሉ። ይህ እግድ መንግሥትንም ይመለከታል። ሆኖም የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ (ለ)(4) ትልቅ በር ይከፍታል፤ መንግሥታዊ አካል ሥርዓት የማስከበርና የመቆጣጠር ሥልጣኑን ለመተግበር የጀመረውን ወይም የሚጀምረውን ክርክር እግዱ አያቆመውም። ውሳኔውንም ማስፈጸም ይችላል፤ የገንዘብ ፍርድ ካልሆነ በቀር።

ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ትኩረት ትሻለች። ቦርዱ የዲሲፕሊን ክሱን መቀጠል፣ ምስክር መስማት፣ ጥፋተኛ ነው ብሎ መወሰን፣ ፈቃዱን ማገድ ወይም መሰረዝ ይችላል። የመቀጮውን መጠን መወሰንም ይችላል። ነገር ግን እግዱ በጸናበት ጊዜ መቀጮውን ለመሰብሰብ የባለዕዳውን የባንክ ሒሳብ መያዝ አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መንግሥት ሕዝብን ሲጠብቅ ከሌሎች ባለገንዘቦች የተለየ ነው፤ ገንዘብ ሲሰበስብ ግን ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ተራውንም ይጠብቃል።

ስለዚህ «ኪሳራ ካወጅሁ ቦርዱ አይነካኝም» የሚል ተቋራጭ ተሳስቷል። «የእኛ ሥራ ቁጥጥር ስለሆነ የኪሳራ ሕግ አይመለከተንም» የሚል ፈቃድ ሰጪም እንዲሁ ተሳስቷል። ሁለተኛውን ስሕተት የሚያርመው አንቀጽ 525 ነው።

ከመንጃ ፈቃድ እስከ ሬዲዮ ሞገድ

አንቀጽ 525 የተወለደው ከመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ነው። የአሪዞና ግዛት የመኪና አደጋ አድርሶ የተፈረደበትን ካሳ ያልከፈለ ሰው መንጃ ፈቃዱ እንዲታገድ፣ ዕዳው በኪሳራ ቢሰረዝም እንኳ እግዱ እንዲቀጥል የሚያደርግ ሕግ ነበረው። የግዛቱ ክርክር «ዓላማችን የመንገድ ደኅንነት ነው» የሚል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በፔሬዝና በካምቤል ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ይህን አልተቀበለም። አንድ የግዛት ሕግ ዓላማው ምንም ይሁን፣ በተግባር የፌዴራሉን ሕግ የሚያሰናክል ከሆነ አይጸናም አለ። ኮንግረስ በ1978 አዲሱን የኪሳራ ሕግ ሲያወጣ ይህን መርሕ በአንቀጽ 525 አሰፈረ። በዚህም መሠረት መንግሥታዊ አካል አንድን ሰው ባለዕዳ ሆኖ ኪሳራ በመጠየቁ፣ ወይም በሂደቱ ሊሰረዝ የሚችል ዕዳ ባለመክፈሉ ብቻ ፈቃድ ሊከለክለው፣ ሊያግድበት፣ ሊሰርዝበት ወይም ማደስ ሊነፍገው አይችልም።

«ብቻ» የምትለው ቃል ለብዙ ዓመታት አከራካሪ ሆና ቆየች። መንግሥታዊ አካላት «ፈቃዱን የነጠቅነው ዕዳ ስላልከፈለ ብቻ ሳይሆን ለቁጥጥር ዓላማ ነው» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ እልባት ያገኘው በ2003 በኔክስትዌቭ ጉዳይ ነው። ይህ ኩባንያ ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሬዲዮ ሞገድ ፈቃዶችን በ4.74 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በጨረታ አሸንፎ ክፍያውን በጊዜው ሳይፈጽም ቀረ፤ ኪሳራም ጠየቀ። ኮሚሽኑ ፈቃዶቹ ተሰርዘዋል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካልያ በጻፉት ውሳኔ የኮሚሽኑን ክርክር ውድቅ አደረገ። ለስረዛው ቀጥተኛው ምክንያት ዕዳ አለመክፈል እስከሆነ ድረስ፣ ከበስተጀርባ ያለው ዓላማ ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን ልዩነት አያመጣም።

ይህ ውሳኔ ምክንያታዊ ይመስለኛል። በቁጥጥር ሥራ ላይ የተሰማራ ማንኛውም አካል ዓላማዬ ቁጥጥር ነው ማለቱ አይቀርም። ዓላማን በመጠየቅ ብቻ የምንፈርድ ከሆነ አንቀጽ 525 በወረቀት ላይ ይቀራል። በመግቢያዬ ያቀረብሁት ጥያቄም መነሻው ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ቢከፈል ጉዳዩ የሚዘጋ ከሆነ ቀጥተኛው ምክንያት ዕዳው ነው።

አምስቱ እርምጃዎች ሲመረመሩ

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ።

አንደኛው እርምጃ ያልተከፈለን ፍርድ መሠረት ያደረገ እግድ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ከግንባታ ሥራ ጋር የተያያዘ የመጨረሻ ፍርድ ያለበት ተቋራጭ ይህንኑ በ90 ቀን ውስጥ ለመዝጋቢው ማሳወቅ አለበት፤ ፍርዱ ሳይከፈል ወይም ዋስትና ሳይያዝለት ከቀረ ፈቃዱ ይታገዳል። ጥያቄያችንን ስናቀርብ መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ቢከፍል እግዱ ይነሣል። ስለዚህ ዕዳው በኪሳራው ሊሰረዝ የሚችል እስከሆነ ድረስ፣ በኪሳራ ፍርድ ቤት ፊት በዚህ ምክንያት ብቻ የተጣለ እግድ ሊጸና አይችልም።

ሁለተኛው የዲሲፕሊን ክሱ ነው። ተቋራጩ ጣሪያ ከፍቶ ጥሎ ሄዷል፤ ሕግ ከሚፈቅደው ሠላሳ እጥፍ ቅድሚያ ተቀብሏል። ዛሬ 45,000 ዶላሩን ቢከፍል እንኳ እነዚህ ድርጊቶች አልተፈጸሙም ሊባል አይችልም። ስለዚህ ቦርዱ በዚህ መሠረት ፈቃዱን ቢያግድ ወይም ቢሰርዝ የኪሳራ ሕጉ አይከለክለውም።

ሦስተኛው መቀጮው ነው። አንቀጽ 523(ሀ)(7) ለመንግሥት የሚከፈል፣ ለመንግሥት ጥቅም የሆነና ለደረሰ የገንዘብ ጉዳት ማካካሻ ያልሆነ መቀጮ በምዕራፍ 7 እንዳይሰረዝ ያደርጋል። ነገር ግን ተቋራጩ በምዕራፍ 13፣ ማለትም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚዘልቅ የክፍያ ዕቅድ፣ ገብቶ ዕቅዱን ቢፈጽም ውጤቱ ይለወጣል። በምዕራፍ 13 ከስረዛ ውጭ በሚሆኑት ዕዳዎች ዝርዝር ውስጥ ይህ ንዑስ አንቀጽ የለም፤ የወንጀል መቀጮ በዚያም ሳይሰረዝ ሲቀር የአስተዳደር መቀጮ ግን ሊሰረዝ ይችላል። በአንድ ድርጊት የተጣለ አንድ መቀጮ ባለዕዳው በመረጠው ምዕራፍ ምክንያት ሁለት ዕጣ አለው። ተማሪዎች የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በየትኛው ምዕራፍ ነው?» የሚል መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

አራተኛውና አምስተኛው፣ ማለትም የካሳ ትእዛዙና ፈቃድ የመመለሻው ቅድመ ሁኔታ፣ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ስለሆኑ ለብቻቸው ልመልከታቸው።

ካሳ፦ ቅጣት ነው ወይስ ዕዳ?

የካሳ ትእዛዝ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ጥፋተኛው የሠራውን እንዲያስተካክል የሚያደርግ ተግሣጽ ነው። በሌላ በኩል ከአንድ ሰው ኪስ ወደ ሌላ ሰው ኪስ የሚተላለፍ ገንዘብ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 በወንጀል ጉዳይ የተጣለ ካሳ በምዕራፍ 7 እንደማይሰረዝ ሲወስን የመጀመሪያውን ፊት ተመልክቷል። ወንጀል የሚቀጣው ለተበዳዩ ሳይሆን ለመንግሥትና ለኅብረተሰቡ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። ታዲያ ይህ ወደ አስተዳደር ዲሲፕሊን ይተላለፋልን?

ካሊፎርኒያን የሚያጠቃልለው ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ያየው በሌላ ሙያ፣ በጥብቅና ነው። በ2016 አንዲት ጠበቃ ለደንበኛዋ እንድትመልስ በግልግል የተወሰነባት የአገልግሎት ክፍያ ተራ ዕዳ ነው፤ ሊሰረዝ ይችላል አለ። በ2022 ደግሞ የጠበቆች ማኅበሩ ፈንድ ለተበደሉ ደንበኞች የከፈለውን ጠበቃው እንዲተካ የሚጠየቀው ገንዘብ ለደረሰ የገንዘብ ጉዳት ማካካሻ በመሆኑ ሊሰረዝ እንደሚችል ወሰነ። እነዚህ ውሳኔዎች ስለ ተቋራጮች ባይናገሩም አመክንዮአቸው ወደ እነርሱም ይደርሳል። መጠኑ በተበዳዩ ኪሳራ የሚለካ፣ መጨረሻው ተበዳዩን መካስ የሆነ ክፍያ፣ ትእዛዙን የሰጠው አካል የዲሲፕሊን ቦርድ ስለሆነ ብቻ ቅጣት አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ የካሊፎርኒያ ሕግ አንቀጽ 7102 ይመጣል። ፈቃዱ የተሰረዘበት ተቋራጭ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ፈቃድ ሊያገኝ የሚችለው በጥፋቱ የደረሰው ኪሳራ ሁሉ ሙሉ በሙሉ መካሱን ሲያሳይ ነው ይላል። ስረዛው ራሱ የተመሠረተው በጥፋት ላይ ነው፤ ስለዚህ ትክክል ነው። ነገር ግን ዓመታቱ ካለፉ፣ ሰውየው ሌላውን ቅድመ ሁኔታ ሁሉ ካሟላ፣ ዕዳው ግን በኪሳራ ተሰርዞ ከሆነ፣ አሁን በሩን የዘጋው ምንድን ነው? ቢከፍል ይከፈትለታል፤ ስላልከፈለ ተዘግቷል። እንደ እኔ አስተያየት በዚህች ነጥብ ላይ ጥፋቱ ወደ ዕዳ ተለውጧል፤ አንቀጽ 525ም ሥራውን መጀመር አለበት።

ይህ ማለት ቦርዱ ዓይኑን ጨፍኖ ፈቃዱን ይመልስ ማለት አይደለም። አንቀጽ 525 ሲወጣ የሕግ አውጪዎቹ ማብራሪያ ፈቃድ ሰጪዎች የአመልካቹን የወደፊት የገንዘብ አቅምና ኃላፊነት መመርመር እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ይህን መስፈርት በከሰሩት ላይ ብቻ ለይተው መጫን እንደማይችሉ ያስረዳል። ሥራ መሪ እንዲኖረው፣ ሒሳቡ እንዲመረመር፣ ሙያዊ ፈተና እንደገና እንዲወስድ መጠየቅ ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ወደፊት የሚመለከቱ ናቸው። የተሰረዘውን 45,000 ዶላር መጠየቅ ግን ወደ ኋላ የሚመለከት ነው።

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ እንደነበር እናውቃለን፤ ቁራኛ የሚለው ቃል ያን ልማድ ያስታውሰናል። የዚያ ሥርዓት ጉድለት ጭካኔው ብቻ አልነበረም። የታሰረ ሰው ሠርቶ ሊከፍል አይችልም። ተቋራጭን ስለ ዕዳው ፈቃድ መንሣት የዚሁ ሰንሰለት ዘመናዊ መልክ ነው፤ ክፈል ይለዋል፤ የሚከፍልበትን እጁን ግን ያስረዋል።

ባለቤቲቱስ?

በዚህ ጊዜ ከእናንተ መካከል አንዱ «ጣሪያዋ ተከፍቶ የቀረባትን ሴት ረሳሃት» ቢለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። የኪሳራ ሕግ ለተቋራጩ የሚሰጠው አዲስ ጅምር የሚከፈለው ከእርሷ ኪስ ነውና። ሆኖም የእርሷ ጥበቃ ፈቃዱን መያዣ ከማድረግ ይልቅ በሌሎች መንገዶች ቢፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። መንገዶቹም አሉ።

የመጀመሪያው የዋስትና ቦንድ ነው። ከ2023 ወዲህ እያንዳንዱ የካሊፎርኒያ ተቋራጭ የ25,000 ዶላር ቦንድ እንዲኖረው ግዴታ ነው። የምዕራፍ 7 እግድ ባለዕዳውን እንጂ ዋሱን አይጠብቅም፤ ባለቤቲቱ ወደ ዋስትና ሰጪው ኩባንያ መሄድ ትችላለች። ጉድለቱ ገንዘቡ ለአንድ ተበዳይ ሳይሆን ለሁሉም የሚካፈል መሆኑ ነው።

ሁለተኛው በኪሳራው ሂደት ውስጥ ራሱ ያለ ነው። ተቋራጩ ገንዘቡን የወሰደው በማታለል ከሆነ፣ ዕዳው እንዳይሰረዝ ለኪሳራ ፍርድ ቤቱ ክስ ማቅረብ ትችላለች። ከተሳካላት ዕዳው ሊሰረዝ የሚችል መሆኑ ይቀራል፤ በዚያው መጠን የአንቀጽ 525 ከለላም ይነሣል። ነገር ግን ይህ ክስ ለባለገንዘቦች ስብሰባ ከተቆረጠው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀኑ ካለፈ ማታለሉ እውነት ቢሆንም ዕዳው ይሰረዛል። ብዙ ተበዳዮች መብታቸውን የሚያጡት በፍሬ ነገር ተሸንፈው ሳይሆን ይህን የጊዜ ገደብ ባለማወቅ ነው። ፈቃድ ቦርዶች አንድ የጎደላቸውን አገልግሎት እንድጠቁም ቢፈቀድልኝ፣ የተቋራጩን ኪሳራ እንደሰሙ አቤቱታ ያቀረቡትን ሰዎች ስለዚህ ቀነ ገደብ በግልጽ ቋንቋ ማሳወቅ የሚል ነው። ፈቃድ ከማገድ ይልቅ ይህች ደብዳቤ ለባለቤቲቱ ትጠቅማታለች።

ሦስተኛው የካሳ ፈንድ ነው። እንደ አሪዞና ያሉ ግዛቶች ፈቃድ ባለው ተቋራጭ የተጎዱ የቤት ባለቤቶችን የሚክስ ፈንድ አላቸው። በዚህ መንገድ ጉዳቱ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ከመውደቅ ይልቅ በሙያው ሁሉ ይከፋፈላል።

ተቋራጩም ቢሆን በአንቀጽ 525 ሁሉም በር አይከፈትለትም። ይህ የፈቃድ ድንጋጌ የሚያስረው መንግሥታዊ አካላትን ነው። ዋስትና ሰጪ ኩባንያ የግል ድርጅት ስለሆነ ለከሰረ ሰው ቦንድ አልሰጥም ሊል፣ ወይም ከፍ ያለ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ቦንድ የሌለው ደግሞ ፈቃድ የለውም። ሕጉ ከከፈተው በር ቀጥሎ ገበያው የሚጠብቀው ሌላ በር አለ።

የውሳኔ አጻጻፍ ጉዳይ

ያቀረብሁት መለኪያ እንከን የለውም አልልም። ፈቃድ ሰጪ አካል ዕዳ ለማስከፈል ፈልጎ የጥፋት ልብስ ሊያለብሰው ይችላል። ስለዚህ ፍርድ ቤቶች የነገሩን ቅደም ተከተል መመርመር አለባቸው። ቦርዱ የተነሣው ሥራው ሲበላሽ ነው ወይስ ክፍያው ሲቀር? ተመሳሳይ ጥፋት ሠርቶ ካሳውን የከፈለ ሌላ ተቋራጭ ምን ደረሰበት? የከፈለው በነፃ ከተለቀቀ፣ ያልከፈለው የተቀጣው ስለ ዕዳው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ለወደፊት ዳኞችና የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጆች ነው። «45,000 ዶላር እስኪከፍል ፈቃዱ ታግዷል» የሚል ውሳኔ በኪሳራ ፍርድ ቤት አይቆምም። «ጣሪያ ከፍቶ ጥሎ ስለሄደና ከተፈቀደው በላይ ቅድሚያ ስለተቀበለ ለሁለት ዓመት ታግዷል» የሚል ውሳኔ ይቆማል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ጥፋቱን ማስረዳት፣ ማስረጃ መመዘን፣ ቅጣቱን ከጥፋቱ ጋር ማመዛዘን ይጠይቃል። ፈቃድ ሰጪው አካል ሥራውን እንዲሠራ ያስገድደዋል።

ወደ እኛ ሲመጣ

በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ መክሰር በሰፊው ደንግጎ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ ባለዕዳውን ከማፍረስ ይልቅ መልሶ ለማቋቋም ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቷል። ተቋራጮቻችንም በደረጃ ተመዝግበው የሚሠሩ ናቸው። የአሜሪካን መልስ እንዳለ መገልበጥ አይገባንም፤ የመንግሥታችን አወቃቀርም የሕግ ታሪካችንም የተለየ ነው። ጥያቄውን ግን መዋስ እንችላለን። መልሶ በመቋቋም ላይ ያለ ተቋራጭ ምዝገባው ስለ ዕዳው ብቻ ካልታደሰለት፣ ፍርድ ቤቱ ያጸደቀው ዕቅድ በምን ገቢ ይፈጸማል? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች እዚህ ላይ ያልታረሰ መሬት ታገኛላችሁ።

ጥፋት በማስረጃ ይረጋገጥ፤ በልኩም ይቀጣ። ዕዳ ደግሞ በዕዳ መንገድ፣ ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር በተራው ይጠየቅ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሕዝቡ ከመጥፎ ሠራተኛ አይጠበቅም፤ ባለዕዳውም ከሸክሙ አይላቀቅም፤ ባለቤቲቱም ገንዘቧን አታገኝም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።